ጀሪካኑ ተመልሶ መጣ

አንድ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት የከተፍኩት መክተፊያውን በሲንኩ ጠርዝ ላይ አጋድሜ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከሲንኩ ጎን ያለው እምነበረድ ስንዝር ባዶ ቦታ የለውም። አንድ ቅዳሜ መረረኝና በላዩ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ሳሎን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ብቆጥረው 41 ዕቃ! ክዳን የሌላቸው 4 የፕላስቲክ ሳህኖች፣ ደግሞም ከአንዳቸውም ጋር የማይገጥሙ 3 ክዳኖች፣ ጆሮው የተሰበረ ጀበና፣ አንድ ቀን ይጠቅማሉ ብዬ አጥቤ ያስቀመጥኳቸው የማር ብልቃጦች።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ሁሉንም መደበቄ ነው። ሽሮውንና በርበሬውን ከምድጃው በላይ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የድስቱ እንፋሎት ሽሮውን አጓጎለው። እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ ክዳኑን ከፈተች፤ ጓሉን በሁለት ጣቷ ፍርክስ አደረገችና «ልጄ፣ በርበሬና ሽሮ ከእሳት ራስ ላይ ሲሰቀል የት አየሽ?» አለችኝ። አሁን ዋናው ከታች፣ ብርሃንና ሙቀት በማይደርስበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ለሳምንት የሚበቃኝን ብቻ ከማር ብልቃጦቹ በአንዱ ገልብጬ እጄ ሥር አኖራለሁ።

ቧንቧ የተገጠመለትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካንም ወደ በረንዳ አባርሬው ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት 2 ቀን ነው። ሳህን በታጠበ ቁጥር ከበረንዳ ውሃ ማመላለስ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቦታው መለስኩት። በስልክ የማያቸው የሚያብረቀርቁ ማዕድ ቤቶች ጀሪካን የላቸውም፤ ቧንቧቸው አይደርቅማ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። የእምነበረዱን እኩሌታ ይዞ፣ የምጋግረው ግን በየአራት ቀኑ ነው። ኮሪደር ላይ አውጥቼ በማራዘሚያ ገመድ ልጋግር ብሞክር የገመዱ መሰኪያ ሟሟ። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ በቀጭን ገመድ አይሞከርም፤ ቤቱ አለመቃጠሉም ተመስገን ነው። ብየዳ ቤት ሄጄ ባለ ጎማ የብረት እግር አሠራሁለት። አሁን ኮሪደር ላይ ይውላል፤ ሊጡ ሲደርስ እየገፋሁ ወደ ማዕድ ቤቱ ሶኬት አስጠጋዋለሁ።

መክተፊያዬ የሚተኛበት አንድ ክንድ ተኩል ቦታ አግኝቷል። ሳህኖቹን ሰጠሁ፤ ጀበናውን እማዬ ወሰደችው። 3ቱ ክዳኖች ግን መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።