ሀዋሳ ላይ ሮክ ኮንሰርት ዘና ብዬ እንዴት እንዳየሁ

ሮክ በጣም ነው የምወደው፣ ግን እስከ ባለፈው ወር ድረስ ክለብ ገብቼ ላይቭ ሰምቼ ደስ ብሎኝ የወጣሁበት ቀን አልነበረም። የመጀመሪያዬ አዲስ አበባ ነው፣ ተማሪ እያለሁ፣ ሰው ወደፊት ሲገፋ አብሬ ተገፍቼ ትልቁ ስፒከር ስር ደረስኩና እዛው አመሸሁ፣ ስወጣ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነበር የሚመስለኝ። ከዛ በኋላ ቤቴ ሆኜ በኢርፎን ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።

አሁን ለስራ ሀዋሳ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ቅዳሜ ሀይቁ አካባቢ አንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ ልጆች ሮክ ይጫወታሉ እንሂድ አለኝ፣ የጆሮዬን ታሪክ ነገርኩት። "ግዴለህም፣ ዛሬ እኔ እንደምልህ አድርግ" አለኝ።

መጀመሪያ አሳ ጉላሽ በላን፣ ከዛ ከፒያሳ ባጃጅ ይዘን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ፖስተሩ ላይ ማታ 2 ሰዓት ይላል ግን 4 ሰዓት አካባቢ እንደሚጀመር ሁሉም ያውቃል። ለምን ይሄን ሁሉ ቀድመን እንደመጣን የገባኝ ሳውንድ ቼኩ ሲጀመር ነው። ድራመሩ ብቻውን መታ፣ ቀጥሎ ቤዝ ብቻ፣ ቀጥሎ ሊድ ጊታሩ መጀመሪያ ንፁህ ድምፅ ከዛ ድምፁን የሚያሻክረውን የዲስቶርሽን ፔዳል ረግጦ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ስለሰማሁት በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ሲገቡ ጆሮዬ እየለየ ነበር የሚሰማው። በፊት ሮክ ላይቭ ስሰማ አንድ ትልቅ ጩኸት ነበር የሚሆንብኝ፣ ለካ ቤዙ በእግር ከሚመታው ትልቁ ድራም ጋር ተያይዞ ነው የሚሄደው፣ እሱን ከያዝክ ጊታሩ የፈለገውን ቢሆን አትጠፋም።

ሁለተኛው ነገር የመቆሚያ ቦታ ነው፣ ለኔ ትልቁ ይሄ ነው። ሚክሰሩ አጠገብ ቆምን። ሳውንድ የሚሰራው ልጅ ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ባለበት ቦታ በሚሰማው ነው፣ ስለዚህ ከሱ አጠገብ ያለ ሰው እሱ የሚሰማውን ይሰማል ማለት ነው። ጥግ ላይ ግን ቤዝ ይጠራቀማል፣ ሄጄ ሞከርኩት፣ የዘፋኙ ቃል ጭራሽ አይለይም።

ጆሮ መድፈኛም አመጣልኝ፣ ያ የስፖንጁ፣ በጣት ጠቅልለህ ታቀጥነዋለህ፣ በሌላኛው እጅህ ጆሮህን ወደላይና ወደኋላ ሳብ አድርገህ ታስገባና እስኪነፋ ትይዘዋለህ። ሙዚቃውን ይገድለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ድምፁን ቀነሰው እንጂ አልገደለውም። በስልኬ ስለካው 100 ዴሲቤል አካባቢ ነበር፣ የአሜሪካኖቹ የስራ ጤና ተቋም ደግሞ 85 ላይ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው የሚመክረው፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሃል። እኔ ያኔ ስፒከር ስር ያሳለፍኩትን ሰዓት አስቡት።

ባንዱ ሶስት ዘፈን እንደተጫወተ ጊታሪስቱ በትዝታ ቅኝት ሶሎ ጀመረ፣ ሜጀር የሚባለውን ትዝታ። ኖታዎቹ እኮ ሮክ ጊታሪስቶች ሶሎ ላይ የሚጠቀሙበት ፔንታቶኒክ የሚባለው ባለ አምስት ኖታ ስኬል ነው፣ ከውጭ የመጣ ነገር አልመሰለኝም፣ የእናቴ ሬዲዮ ዲስቶርሽን ለብሶ የመጣ ነው የመሰለኝ፣ ፀጉሬ ቆመ። ጃኖ ባንድ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ኢትዮጵያዊ ሮክ የሚባል ነገር እንዳለ ያመንኩት እኔ፣ በአካል አጠገቤ ስሰማው ግን ሌላ ነው።

መሀል ላይ መብራት ሄደ። ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ማይኩ ሁሉም ፀጥ፣ ድራሙ ግን መብራት አይፈልግም፣ ልጁ በጨለማ ቀጠለ፣ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ዘፋኙ ያለ ማይክ ጮኾ ዘፈነ እኛም ተቀበልነው፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ዘፈን ቀድቼ ነው ያስቀመጥኩት፣ በስክሪን እያየሁ ቢሆን ኖሮ ያቺን ሰዓት ቆሜ ቪዲዮው ጨለማ ሆነ አልሆነ እያልኩ ነበር የማሳልፋት።

7 ሰዓት ላይ ወጣን። ጠዋት አሞራ ገደል ወረድን፣ አሳ አጥማጆቹ እየተጠራሩ ነው፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ክንፋቸውን ሲያማቱ ይሰማል፣ ቆሜ አዳመጥኩ፣ ጆሮዬ ጭው አይልም። የአክስቴን ልጅ ቀጣዩ መቼ ነው አልኩት።