ያልነበረው እንዝርት

«ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናውን ሲውጠው ነፍሴ አብራ ትወጣለች» አሉኝ ዛሬ ደብረ ብርሃን ቢሮዬ የመጡ እናት (ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው)። ልጃቸው ከጣርማ በር ማዶ ደብረ ሲና ወልዳ፣ አራስ መጠየቅ አቅቷቸዋል።

በኤንኤልፒ (ኒውሮ-ሊንጉስቲክ ፕሮግራሚንግ፣ የሐሳብና የስሜት ልማድን ለመለወጥ የሚሞክር ስልት) «አንከሪንግ»፣ መልሕቅ መጣል እንደማለት፣ የሚሉት ዘዴ አለ። ሰውየው የተረጋጋበትን ጊዜ ያስታውሳል፤ ስሜቱ ሲበረታ የጣቱን አንጓ ትጫናለህ፤ ትደጋግመዋለህ። ኋላ ጭንቀት ሲመጣ ያችኑ አንጓ መጫን ነው። ባንድለርና ግራይንደር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመሩት ነው። የሳይንስ ማስረጃው ስስ ስለሆነ ብዙም አልመካበትም።

«እማማ፣ ልብዎ ያረፈበትን ቀን ያስቡልኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይቶ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው አየር ላይ መሾር ጀመሩ። እንዝርት የለም፣ የበግ ፀጉር የለም፣ ግን ይፈትላሉ። ትከሻቸው ወረደ።

«መንዝ ነኝ፤ እናቴ በርኖስ ልታሠራ፣ እኔ ስፈትልላት...»

አንጓውን ተውኩት። ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩትን እሳቸው በጣታቸው ይዘውት መጥተዋል። መቁጠሪያ የሚቆጥሩትንም አሰብኩ።

«ጣርማ በር ሲደርሱ ይህንኑ ይፍተሉ።»

«ሰው አበደች ይለኛል፣ ልጄ!»

«ጋቢው ሥር ማን ያያል?»

ሳቁ። ቅዳሜ ይሄዳሉ።