ሳልከፍል እንዴት ታወቅሁ

መጀመሪያ ላይ ሥራዬ ስለ ራሴ ማውራት ነበር። «ባለሙያ ነኝ፣ አሠልጣኝ ነኝ» እያልኩ ስለጥፍ ከረምኩ። ዞር ብሎ ያየኝ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አላነበውም ነበር።

ከዚያ ሰው ኤክሴል ላይ የሚቸገርበትን ነገር ማስረዳት ጀመርኩ። ሰው ያመጣችልኝ፣ ቪሉክአፕ (ከሠንጠረዥ ውስጥ መረጃ ፈልጎ የሚያመጣው የኤክሴል ቀመር) ለምን «አልተገኘም» እንደሚል የጻፍኳት አጭር ማብራሪያ ናት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቃሉ ኋላ የተደበቀ ባዶ ቦታ ነው፤ ትሪም የሚባለው ቀመር ያጠፋዋል። ዛሬም ይህንኑ ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው እኔ ጋ ይመጣል። የተከፈለበት ማስታወቂያ ቢሆን ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ያልቅ ነበር።

ሊንክድኢን ላይ ከስሜ ሥር ያለውን መስመርም ቀየርኩት። ማዕረጌን አጠፋሁና (ትንሽ ቅር ብሎኛል) «የተበላሸ የኤክሴል ሠንጠረዥ አስተካክላለሁ» ብቻ አልኩ። በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ሰው ጻፈልኝ፦ «የኔም ተበላሽቷል።»