ጀበናው ወደ ስኒ እስኪለወጥ፦ የሌንቲኩላር ህትመት ልምዴ

ባለፉት ስምንት ወራት ከመደበኛው የባነርና የቢዝነስ ካርድ ሥራዬ ጎን ለጎን ሌንቲኩላር ህትመትን ስሞክር ቆይቻለሁ። ስሙን ያልሰማ ሰው እንኳ ነገሩን ያውቀዋል፤ ዘንበል ሲያደርጉት ሥዕሉ የሚለወጠው የተማሪ ማስመሪያ የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። እኔም ለዓመታት ትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ የሚሠሩት አድርጌ እቆጥረው ነበር። አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ ኤ4 መጠን ያላቸው 20 የሌንስ ፕላስቲኮች ይዞልኝ ባይመጣ ኖሮ እስካሁንም እንደዚያው ባሰብኩ ነበር። ከ20ዎቹ 5ቱን አበላሽቻለሁ፤ በህትመት ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ እናንተ ደግሞ እንዳትደግሙት የተበላሹበትን ምክንያት ጭምር እጽፋለሁ።

የፕላስቲኩ አንድ ጎን ልሙጥ ነው፤ ሌላው ጎኑ ግን ጥፍር ሲሄድበት ክርር የሚል፣ ጎን ለጎን በተደረደሩ ቀጫጭን ጉብታዎች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሌንስ ነው። በልሙጡ ጎን የሚለጠፈው ህትመት ደግሞ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሥዕሎች በቀጫጭኑ ተሰንጥቀው እንደ ድርና ማግ ተራ በተራ የገቡበት ነው። ሌንሱ በአንድ አቅጣጫ ሲታይ የአንዱን ሥዕል ስንጣቂ ብቻ አጉልቶ ያሳያል፤ ካርዱ ትንሽ ሲዘነብል ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ፕላስቲኩ የሚለየው በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት ሌንሶች ብዛት ሲሆን የእኔው 60 የሚል ተጽፎበታል፤ አንዱ ሌንስ 0.42 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ኢንክጄት ማተሚያዬ በኢንች 720 ነጥብ ስለሚያትም ለአንድ ሌንስ 12 ነጥብ ይደርሰዋል፤ ሥዕሎቹ ሁለት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 6 ነጥብ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ቡና ቆልተውና አሽገው የሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። ካርዳቸው ሲዘነብል ጀበናው ወደ ሞላ ስኒ እንዲለወጥ ተስማማን። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን 60 አምኜ ሠራሁና ለጠፍኩት፤ የወጣው ግን ጀበናና ስኒ በሰፋፊ ዝንጉርጉር መስመሮች እየተፈራረቁ በአንድ ጊዜ የሚታዩበት ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ፕላስቲኩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የስም ያህል ነው፤ ትክክለኛው ከምርት ምርት በጥቂቱ ይለያያል፣ ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይም ይወስነዋል። ልዩነቱ 0.2 ብቻ ቢሆን እንኳ በ8 ኢንች ስፋት ላይ ሥዕሉ ከሌንሱ በ1.6 ሌንስ ይንሸራተታል፣ ያ ሁሉ ዝንጉርጉርም ከዚያ ይመጣል።

መድኃኒቱ በሥራው ቋንቋ ፒች ቴስት የሚባለው ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ከ59.5 እስከ 60.5 በ0.1 እየጨመረ የሚሄድ፣ ጥቁርና ነጭ ጭረት የተሞላ 11 ረድፍ አተምኩ። በላዩ ላይ ፕላስቲኩን ሳልለጥፍ አጋደምኩና ካርዱ በሚታይበት 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ በአንድ ዓይኔ ተመለከትሁ። አብዛኞቹ ረድፎች ግራጫ ሞገድ ሲመስሉ አንዱ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ጥቁር ሆነ፤ ትንሽ ሳዘነብለው ደግሞ እንዳለ ነጭ ሆነ። 59.8 ነበር። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን የማዘጋጀው በ59.8 ሲባዛ 12፣ ማለትም በኢንች 717.6 ነጥብ ነው፤ ወደ 720 ስቀይረውም ፎቶሾፕ ጠርዞቹን እንዳያለሰልስብኝ ማለስለሻውን አጠፋለሁ። ይህን ሙከራ አዲስ ፕላስቲክ በመጣ ቁጥር እደግመዋለሁ፤ የሚያስወጣው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ የሌንሱ አቅጣጫ ነው። ጉብታዎቹን ከላይ ወደ ታች አቁሜ ለጠፍኳቸው፤ ካርዱን ያየ ሁሉ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። በሁለቱ ዓይኖቻችን መካከል 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አለ፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይህ ወደ 9 ዲግሪ የሚጠጋ የአቅጣጫ ልዩነት ስለሚሆን፣ በተለይ መሸጋገሪያው አካባቢ ቀኝ ዓይን ጀበናውን ሲያይ ግራው ስኒውን ያያል። ጥልቀት ያለው ሥዕል ሲሠራ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች ከተለያየ ቦታ የተነሣ ፎቶ እንዲያዩ ሌንሱ ይቆማል። ሥዕል ለመለወጥ ግን፣ በእጅ የሚያዝ ከሆነ፣ ሌንሱ አግድም መጋደም አለበት፤ ያኔ ሁለቱም ዓይኖች አንድ ነገር ያያሉ፣ ካርዱም ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ይለወጣል።

ሌንሱን ሳጋድመው ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ እኛ በፊደላችን ለምንጽፍ ሰዎች ይህኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ሌንሱ ሲጋደም ከላይ ወደ ታች ያለው የሥዕሉ ጥራት በኢንች ወደ 60 መስመር ይወርዳል። «ቡ» ከ«በ» የምትለየው ከቀኝ እግሯ ወገብ ላይ በምትወጣ አጭር አግድም ሰረዝ ብቻ ነው። በ9 ፖይንት የፊደል መጠን ስጽፋት ያቺ ሰረዝ ከአንድ ሌንስ ቀጠነችና ጠፋች፤ ወይዘሮዋ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው «በና» ብለው አነበቡና ዝም ብለው ተመለከቱኝ። አሁን በሌንሱ ሥር የማስገባው በወፍራም ፊደል የተጻፈ የድርጅት ስም ብቻ ነው፤ ስልክና አድራሻ በካርዱ ጀርባ፣ በተራ ህትመት ይሄዳል።

የቀሩት ሁለት ፕላስቲኮች የተበላሹት በመለጠፍ ላይ ነው፤ አንዱ አየር ያዘ፣ ሌላው ጥቂት ተጣመመ። አሁን ጠርዝ ላይ ያተምኩት ጥቁር መስመር ከአንድ ሌንስ ጋር ከዳር እስከ ዳር እስኪገጥም ካላየሁ የሙጫውን ሽፋን አላነሣም። ስለ ሥዕል ምርጫም አንድ ነገር ልጨምር፦ ነጭ መደብ ላይ ያለ ጥቁር ጀበና ከተለወጠ በኋላም ጥላውን ትቶ ይሄዳል። ሁለቱንም ሥዕሎች በአንድ ቡናማ መደብ ላይ ሳስቀምጣቸው ጥላው ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ወደ ንግዱ ጥቅም ስመጣ፣ ይህ ህትመት በማስታወቂያ ታሪክ ውስጥ ስሙን ያተረፈው ሰው በእጁ ይዞ በሚያገላብጠው ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በእ.ኤ.አ. 1952ቱ የአሜሪካ ምርጫ የአይዘንሃወር ደጋፊዎች የደረት ባጅ ሲዘነብል መፈክሩን በዕጩው ፎቶ ይለውጥ ነበር፤ ቡታን በ1967 ባለጥልቀት የፖስታ ቴምብር አውጥታ የሰብሳቢዎችን ዓይን ስባለች። ዛሬ ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ በሚሠሩ መታወቂያዎች ላይ ሲዘነበል ፎቶው በቁጥር ወይም በቀን የሚተካበት ቦታም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው፤ ጽሑፉ ከትንንሽ ሌንሶች ሥር በተለያየ አቅጣጫ በሌዘር ስለሚቀረጽ በፎቶኮፒ አይገለበጥም።

የግድግዳ ፖስተር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተመልካቹ እንጂ ሥዕሉ አይንቀሳቀስም። እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ብልህ የምለው የስፔኑ የሕፃናት መርጃ ድርጅት አናር በእ.ኤ.አ. 2013 ያወጣውን ነው። ረጅም ሰው ሲያየው ያልቆሰለ የአንድ ልጅ ፊት ይታያል፤ ቁመቱ ከ1.35 ሜትር በታች የሆነ ልጅ ሲያየው ግን ያው ፊት ቆስሎ፣ ከጎኑም የእርዳታ ስልክ ቁጥሩ ተጽፎ ይታያል። ልጁን የሚያጠቃው አዋቂ አብሮት ቢቆም እንኳ መልእክቱን አያየውም። ለዓይን ማራኪነት ብቻ የሚሠራ የሚለዋወጥ ሥዕል ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ጨዋታ ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው ለውጡ ምን እንደሚናገር ሊነግሩኝ ላልቻሉ ሁለት ደንበኞች ተራ ካርድ እንዲያሳትሙ የመከርኳቸው። ዋጋው ከተራ ካርድ ብዙ እጥፍ ነውና።

የወይዘሮዋን 150 ካርዶች በ15ቱ ደህና ፕላስቲኮች፣ ከአንዱ አሥር አሥር እያወጣሁ አስረክቤያለሁ። አሁን ለሱቃቸው በር ፖስተር እንድሠራላቸው ጠይቀውኛል። ከሦስት ሜትር ላይ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ብዙም ስለማይበልጥ፣ በካርዱ ላይ ያጠፋሁበት የቆመ ሌንስ እዚህ ትክክለኛው ምርጫ ሆኗል፤ ሰው በሩን አልፎ ሲሄድ ሥዕሉ ይለወጣል። በኢንች 20 ሌንስ ያለው ወፍራም ፕላስቲክ እስኪመጣልኝ ድረስ ባለፈው ቅዳሜ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሜ የመንገደኛውን አቅጣጫ ስቆጥር አረፈድኩ። አብዛኛው ሰው ከዳገቱ በኩል ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ጀበናው ወደ ዳገቱ፣ ስኒው ወደ በሩ ይሆናል።