ቦዬ ላይ ብርቱካንማ ፀሐይ የለጠፈብኝ አስተማሪ

ሰሞኑን የጅማ ጓደኞቼ በቴሌግራም "አንቺ እኮ ፓሪስ ነሽ፣ ሙዚየሙ ደጅሽ፣ ብርሃኑ እንደዛ፣ ለሰዓሊ ምን ይጎድላል" ይሉኛል። ብርሃኑ ነዋ የሚጎድለው! ታህሳስ ላይ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ አስራ አንድ ሳይሞላ ደግሞ ጠልቃለች፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ዝቅ እንዳለች ናት። እኛ ጋ ሚያዝያ ሲገባ አናት ላይ ቀጥ ትልና ጥላሽ እግርሽ ስር ይገባል።

ማታ ማታ የምማርበት የስዕል ክፍል ውስጥ "የአገራችሁን ውሃ ሳሉ" ተባልን፣ እኔ ጅማ ያለውን ጉማሬ የሚኖርበትን የቦዬን ውሃ ሳልኩ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አባርቶ ደመናው ገና አልተገፈፈም፣ ዛፎቹ ከመጥቆራቸው ብዛት ወደ ሰማያዊ ሄደዋል፣ ቄጠማው አጠገብ የጉማሬ ጆሮና አይን ብቻ ብቅ ብሏል። አስተማሪው መጥቶ አየና "ይሄማ አፍሪካ አይመስልም፣ በጣም ጨልሟል፣ ያሳዝናል" አለኝ፣ ቀጥሎ ሳይጠይቀኝ ብሩሹን ከእጄ ወስዶ ቀኝ ጥጉ ላይ ትልቅ ብርቱካንማ ፀሐይ ለጠፈበት። ክፍሉ አጨበጨበ። ፊቴ ነደደ፣ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ፀሐይዋን ካመጣህ ውሃውንም መቀየር አለብህ እኮ! ውሃ ከላዩ ያለውን ነው የሚመልሰው፣ ብሩሁን ሰማይ ትንሽ አደብዝዞ፣ ጥቁሩን ዛፍ ትንሽ አፍክቶ። ጥላ ደግሞ ሌላ ነው፣ ውሃው ሲደፈርስ ላዩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወድቃል፣ ሲጠራ ግን እምብዛም አይታይም። ጨለማው ያሳዝናል ላለውም፣ ጅማ ላይ ጥላ የሀዘን ነገር አይደለም፣ ቡናችን ራሱ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ስር ነው የሚያፈራው።

ደግሞ የራሳቸው ፈረንሳዊ ሰዓሊ ሞኔ አለ አይደል? እንደ ፈረንጆቹ በ1893 ዠቨርኒ የምትባል መንደር ላይ መሬት ገዝቶ ኩሬ አስቆፈረ፣ በ1926 እስኪሞት ያንኑ ውሃ ሲስል ኖረ። እዚሁ ፓሪስ ኦራንዠሪ ሙዚየም ያሉትን 8 ትልልቅ ሥዕሎች ሄዳችሁ እዩ፣ አድማስ እንኳ የላቸውም፣ ውሃና የሰማይ ነጸብራቅ ብቻ፣ አንዳንዱም ጨለም ያለ ነው። እሱን ማን ፀሐይ ጨምርበት ይለዋል?

የኛዎቹም አይቀሩም። ስዕሉን ብልክላቸው አንዱ "ፎቶ አታነሺውም ነበር?" ሌላው "ጉማሬውን ሙሉውን ለምን አልሳልሽውም?"

ለመምጣት የምታስቡ የስዕል ልጆች፣ ቀለምና ሸራ እዚህ ሞልቷል፣ እሱን አትሸከሙ። እዛው ሳላችሁ ቦዬ ሄዳችሁ ያንኑ ውሃ ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ማታ አስራ ሁለት ሊሆን ሲል ደጋግማችሁ ሳሉት፣ ከጀርባው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የስልክ ፎቶ አትመኑ፣ ጥላውን ድፍን ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። አስተማሪም ቢሆን ሥራችሁ ላይ ብሩሽ ሊያነሳ ሲል "ሌላ ወረቀት ላይ አሳየኝ" በሉት፣ እዚህ እንደዛ ማለት ነውር አይደለም፣ እኛ ነን መምህር ፊት አንገት መድፋት የለመድነው።