ከካርቶን እስከ ታላዴጋ፦ አንድ የስቶክ ካር ሞዴል እንዴት እንደሠራሁ

የስቶክ ካር (የመደበኛ መኪና መልክ ያለው የእሽቅድምድም መኪና) ኪት፣ ማለትም ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል፣ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ብዙ አትመኑት። አምራቹ ለአንድ ቦዲና ለአንድ ሻንሲ የሚሆን ቅርጽ ማውጫ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ስለሚያፈስ፣ ያንኑ ፕላስቲክ ለዓመታት ደጋግሞ ያወጣዋል። ከካርቶን ካርቶን የሚለየው ዲካሉ (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ቁጥርና ምልክት) እና ሥዕሉ ነው። እውነተኛው የናስካር (የአሜሪካ የስቶክ ካር ውድድር) መኪና ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ለአጭር ትራክ የተዘጋጀው ለትልቁ ትራክ ከተዘጋጀው ይለያል፤ በማጣሪያው ዕለት ራዲያተሩ ፊት የተለጠፈው ፕላስተር ውድድሩ ሲጀመር ይነሳ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እንግዲህ በየትኛውም ቀን ትራክ ላይ ወጥቶ የማያውቅ መኪና ነው።

ስለዚህ ሞረድ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እወስናለሁ፦ የምሠራው የየትኛውን ቀን መኪና ነው? ለዚህኛው የመረጥኩት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1985 አላባማ ውስጥ በታላዴጋ የተወዳደረውን የቢል ኤሊየትን ቁጥር 9 ፎርድ ተንደርበርድ ነው። ኤሊየት ያን ጊዜ በማጣሪያው በሰዓት 209.398 ማይል፣ ማለትም 337 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ አንደኛ ሆኖ ተሰለፈ። በውድድሩ መሀል የዘይት መስመር መጋጠሚያ ተሰብሮበት ፒት (በውድድር መሀል መኪና የሚጠገንበትና ጎማ የሚቀየርበት ቦታ) ገባና ወደ ሁለት ዙር ገደማ ተቀደመ። ከዚያ መኪኖቹን አቀዝቅዞ የሚያሰባስበው ቢጫ ባንዲራ አንዴም ሳይረዳው፣ በፍጥነት ብቻ፣ ያን ሁሉ መልሶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ዴይቶናን፣ ታላዴጋንና ዳርሊንግተንን በማሸነፉ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ወስዷል። እንዲህ ያለ መኪና ካልተሠራ ምን ይሠራል?

ቀኑን መወሰን ሌላም ጥቅም አለው፤ ምን እንደማይገባ ይነግረኛል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቀንሰው ሳህን በዴይቶናና በታላዴጋ ግዴታ የሆነው በ1988 ነው፤ ስለዚህ የለም። መኪናው ሲሽከረከር ጣሪያው ላይ ብድግ የሚሉት ክንፎች የመጡት በ1994 ነው፤ ጣሪያው ልሙጥ ይሁን። የመስኮቱ መረብ ግን የግድ ነው፤ ሾፌሩ ሪቻርድ ፔቲ በ1970 ዳርሊንግተን ላይ ተገልብጦ ክንዱ በመስኮት ሲወጣ ከታየ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ፎቶ ስሰበስብ ከሁሉ የምወደው ፒት ላይ የተነሣውን ነው። መኪናው በጃክ ተነሥቶ፣ ጎማው ወልቆ፣ ሰው ሁሉ እየተራወጠ እያለ የተነሣ ፎቶ ሻንሲውን ከታች ያሳያል። አንጸባራቂዎቹ የማስታወቂያ ፎቶዎች ብዙውን ጊዜ የተነሡት ከወቅቱ መጀመሪያ በፊት ስለሆነ ያሳስታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ኪት ሲያሻሽል ከሞተሩ ይጀምራል፤ ካንዴላ ገመድ፣ ቱቦ፣ ብሎን። እኔ የምጀምረው ከአቋቋሙ ነው። መኪናው መሬት ላይ እንዴት ነው የተቀመጠው? አፍንጫው ምን ያህል ዝቅ ብሏል? ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ምን ያህል ገብቷል? አቋቋሙ ከተበላሸ ሞተሩ ላይ የፈሰሰው ልፋት ሁሉ የአሻንጉሊት ልፋት ነው፤ አቋቋሙ ከተስተካከለ ግን ያለ አንዲት ሽቦም ቢሆን ሰው ክፍሉን አቋርጦ መጥቶ ያየዋል።

ለመለካት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ናስካር በ1981 መኪኖቹን ሲያሳንስ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት ከ115 ወደ 110 ኢንች አወረደው፤ 2794 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ኪቱ የእውነተኛው መኪና 1/24 ስለሆነ ለ24 ሲካፈል 116.4 ይመጣል። ከጎን በኩል ቀጥ ብሎ፣ ከሩቅ የተነሣ ፎቶ አትሜ ያንኑ ርቀት በማስመሪያ እለካለሁ። ፎቶው ላይ 200 ሚሊ ሜትር ከሆነና ከጎማው አናት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ክፍተት 4 ከሆነ፣ አራትን በ116.4 አባዝቼ ለ200 አካፍላለሁ፤ ሞዴሉ ላይ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። በዚህ መንገድ የማይለካ ነገር የለም፤ የኋላው ስፖይለር ቁመት፣ የቁጥሩ ትልቀት፣ ሁሉም። ፎቶው በሰያፍ ከተነሣ ግን ስሌቱ ዋጋ የለውም።

በነገራችን ላይ 1/24 እና 1/25 የሚባሉት ልኬቶች ተቀራራቢ ቢመስሉም ቦዲና ሻንሲ ማዳቀል አያስችሉም። የሞኖግራም የስቶክ ካር ኪቶች በ1/24፣ የኤኤምቲና የኤምፒሲ ብዙዎቹ በ1/25 ናቸው። በ1/25 ያው 110 ኢንች 111.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአራት ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት። ሞተርና ወንበር መበዳደር ግን ይቻላል፤ ማንም አይለይም።

የኪቱ ተንደርበርድ ከፊትም ከኋላም ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ከፊት በኩል ጎማው የሚሰካበትን ፒን ቆርጬ ጣልኩና ከነበረበት አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጌ በ0.8 መሰርሰሪያ በሳሁት፤ እዚያ ውስጥ የብረት ሽቦ ሰክቼ በሱፐር ግሉ አጠበቅኩ። ፒኑ ወደ ላይ ሲወጣ መኪናው ይወርዳል። ከኋላ ደግሞ አክስሉ በሁለት ረጃጅም ክንዶችና በሞላዎች ላይ ነው የተቀመጠው። እነዚህ ክንዶች መነሻቸው የ1960ዎቹ የሼቭሮሌት ፒክአፕ ነው፤ ፎርድም ቢሆን ይጠቀም የነበረው እነሱን ነው። ሞላዎቹን ከላይ ቆርጬ አሳጠርኩ፣ ሾክ አብዞርበሮቹንም እንዲሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው ቀለም ከመነካቱ በፊት ነው፤ ቦዲውን በፕላስተር ሻንሲው ላይ አስሬ መስታወት ላይ አቆመውና አራቱም ጎማ መሬት መንካቱን በቀጭን ወረቀት እፈትሻለሁ። ወረቀቱ ከአንዱ ጎማ ሥር በቀላሉ ካለፈ ሻንሲው ጠማማ ነው።

አቋቋሙን የሚያግዝ ሌላም አለ። የኪቱ ፓራፋንጎ ጠርዝ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በእውነተኛው መኪና 24 ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ታንክ ላይ እንጂ መኪና ላይ የለም። ከውስጥ በኩል በምላጭ እየፋቅኩ ጠርዙን ብቻ አሳስቼዋለሁ። ከውጭ ሲታይ መላው ቦዲ ከቆርቆሮ የተሠራ ይመስላል። አድካሚ ነው፤ ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

የውስጡን የቧንቧ ካጅ (መኪናው ሲገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቀውን የብረት ቅርጫት) በከፊል በአዲስ ተካሁት። የኪቱ ቧንቧዎች በሁለቱም ጎን የቅርጽ ማውጫው መስመር አለባቸው፤ ክብ መስለው ክብ አይደሉም። የእውነተኛው ዋና ቧንቧ ውፍረት 1.75 ኢንች ስለሆነ በ1/24 1.85 ሚሊ ሜትር ነው። የዚያን ያህል የፕላስቲክ ዘንግ ፍል ውሃ ውስጥ ነክሬ ክብ ነገር ላይ ጠመዘዝኩት፤ የኪቱን ቧንቧ አጠገቡ አድርጌ ጥምዘዛውን አመሳሰልኩ። ዋናዎቹ በሾፌሩ በር በኩል ያሉት ወደ ውጭ የሚጎብጡት ቧንቧዎች ናቸው፤ በመስኮቱ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሌላውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ተውኩት። በሾፌሩ ጭንቅላት አጠገብ ያለውን መከላከያ ስፖንጅ በሙቀት የሚኮማተር የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ሠራሁት፤ ማት ጥቁር ስለሆነ ቀለም እንኳ አይፈልግም።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም። የካንዴላ ገመድ በእውነቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወፍር በ1/24 0.33 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል፤ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ከዚህ እጥፍ ይወፍራልና ሞተሩ ላይ ማካሮኒ የፈሰሰ ያስመስለዋል። የፎርዱ ዲስትሪቢዩተር ከፊት ነው፣ የሼቭሮሌቱ ከኋላ። የፎርዱ 351 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር አተኳኮስ ተራ (ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል) 1-3-7-2-6-5-4-8 ሲሆን ከ1 እስከ 4 ያሉት ሲሊንደሮች በቀኝ፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት በግራ ናቸው። የሼቭሮሌት ሠሪዎች ይህን አትቅዱ፤ የእናንተው 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው፣ ጎዶሎዎቹ ቁጥሮችም ሁሉ በግራ ናቸው።

ጎማው ላይ ግን ቆይቻለሁ። ኪቱ ይዞት የሚመጣው ጎማ ያብረቀርቃል፤ መሀሉ ላይም የመገጣጠሚያ መስመር አለው። እንጨት ላይ ሰክቼ መሰርሰሪያ ላይ እያዞርኩ በብርጭቆ ወረቀት ሳፍቀው የተሮጠበት ጎማ መሰለ። አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር፦ ለስላሳው ቪኒል ውስጡ ያለው ማለስለሻ ከጊዜ ጋር የፕላስቲኩን ቸርኬ ይበላዋል። ስለዚህ ጎማው የሚያርፍበትን የቸርኬ ገጽ በቀጭን አልሙኒየም ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ፒት ላይ ሰዓት ለመቆጠብ ቡድኖቹ አምስቱን ዳዶዎች አስቀድመው በማጣበቂያ ቸርኬው ላይ ያጣብቁ ነበር፤ ለዚህ ነው ፎቶዎቹ ላይ በዳዶው ዙሪያ ቢጫ ነገር የሚታየው። በጥርስ እንጨት ጫፍ ቢጫ ቀለም ነካ ነካ ማድረግ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ፈገግ ይላል።

ቀለሙ ቀይ ነው፤ ቀይ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በባሕርዩ ከሥሩ ያለውን ስለሚያሳይ ግራጫ ፕራይመር ላይ ከተነፋ ይጨልማል። እኔ ቦዲውን በሳሙና አጥቤ፣ ስቱኮ የነካውን ቦታ ሁሉ አለስልሼ፣ ነጭ ፕራይመር ነፋሁ፤ ከዚያ ቀዩን በስስ በስሱ። ኪቱ በቀይ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነና መኪናችሁ ነጭ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ የፕላስቲኩ ማቅለሚያ ቀለሙን አልፎ ይወጣና መኪናው ሮዝ ይሆናል። መፍትሔው ቅድሚያ የብር ቀለም መንፋት ነው።

ዲካሉ ላይ የመጣው ችግር ሌላ ነው። የቁጥሩ ነጭ ቀለም ስስ ስለሆነ ቀይ ቦዲ ላይ ሲያርፍ ያው ቀዩ ከሥር ይታያል። ሁለት መንገድ አለ፦ ከሌላ ወረቀት ያንኑ ቁጥር ቆርጦ መደረብ፣ ወይም ቁጥሩ የሚያርፍበትን ቦታ በፕላስተር ከልሎ ከቁጥሩ ትንሽ አሳንሶ ነጭ መቀባት። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ መደረብ ጠርዙ ላይ ደረጃ ይፈጥራል። ዲካሉ ከበሩ ወደ ፓራፋንጎው በሚታጠፍበት ቦታ ማለስለሻ ፈሳሽ ቀብቼ ተውኩት። ይሸበሸባል፤ ያስደነግጣል፤ መነካት ግን የለበትም፣ ሲደርቅ ራሱ ይለጠጣል። የቆየ ወረቀት ከሆነ ከመነከሩ በፊት ላዩ ላይ ግልጽ ቫርኒሽ መንፋት ከመበጣጠስ ያድነዋል፤ በዕድሜ ቢጫ የሆነውን ደግሞ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፎ ማሰንበት ያነጣዋል። የቢራና የሲጋራ ስም ከኪቱ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ለ1985ቱ ኤሊየት ደግሞ መኪናው ራሱ የቢራ ማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ ለብቻው የሚሸጥ ዲካል መግዛት ግድ ነው። የመጨረሻው ግልጽ ሽፋን ላከር ከሆነ ዲካሉን ሊያቀልጥ ስለሚችል ተመሳሳይ ቀለምና ትርፍ ዲካል ፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሠርቼ ሳልፈትን ቦዲው ላይ አልነፋም።

ቀሪው ጥቃቅን ነገር ነው። የኮፈኑን ማሰሪያ ፒኖች ሞርጄ አጥፍቼ በቀጭን ሽቦ ተካሁ፣ ከነገመዳቸው። የኋላውን መስታወት የሚይዙትን ቀጥታ ብረቶች አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው አልሙኒየም ፕላስተር ቆረጥኩ። የሾፌሩን መረብ ከሪባን ሠራሁ። ቆሻሻ ላይ ቁጥብ ነኝ፦ አፍንጫው ላይ ትንሽ የጎማ ብናኝ፣ ከጎማዎቹ ኋላ ጠቆር ያለ ጥላ፣ ሞተሩ ሥር የዘይት ቅባት፤ የዚያን ቀን መጋጠሚያው ተሰብሮ ነበራ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁለተኛ ተንደርበርድ ነው፤ ለአጭር ትራክ። እዚያ ቡድኖች መኪናው ወደ ግራ በቀላሉ እንዲታጠፍ የቀኙን ጎማ ዙሪያ ከግራው ያስበልጣሉ። የዙሪያው ልዩነት ሁለት ኢንች ቢሆን በ1/24 የግራው ጎማ መሀል ከቀኙ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል ማለት ነው። የኪቱ ጎማ ወፍራም ስለሆነ ይህን ያህል መሰርሰሪያው ላይ ማስወገድ ይቻላል፤ ከዚያ የግራውን ፒን ቦታ እንደገና መለካት ነው።