ጌም ስታክ ሲያደርግ መጀመሪያ ድምፁን አጥፉት

እሁድ ማታ የእኛ ቤት ሳሎን ለኳስ የተለቀቀ ነው። ታላቅ ወንድማችን ሐዋሳ ነው የሚሠራው። ትንሹ እዚህ አዲስ አበባ ከእኔና ከእማዬ ጋር ነው። በኢንተርኔት ይገናኙና ፊፋ ይጫወታሉ። ጌሙ ሰበብ ነው፤ ዋናው ወሬው ነው። ትንሹ ማይክ ያለው ሄድፎን ያደርጋል፣ እማዬ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ በየመሃሉ «ምሳውን በልቷል ወይ በለው» ትላለች።

ባለፈው ክረምት ይሄ ነገር ተበላሸ። ጨዋታው በተጀመረ በአሥርም በሃያም ደቂቃ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ኳሷ አየር ላይ ትቀራለች። ድምፁ ግን አይቆምም። የኮሜንታተሩ የመጨረሻ ቃል ተቆርጦ «ጎ-ጎ-ጎ-ጎ» እያለ ይደጋገማል። አንዳንዴ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይለቃል። አንዳንዴ ጭራሽ አይለቅም፤ ኮምፒውተሩን ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት ብቻ ነው። ሐዋሳ ያለው በወሬ መሃል ይቆረጥበታል። እማዬ «ምን ሆነ?» ትላለች፣ እኛም መልስ የለንም።

መጀመሪያ የጠረጠርነው መብራቱን ነው። ሰፈራችን ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ገዛን። ለውጥ የለም። ከዚያ ጥገና ቤት ወሰድኩት። «ራም አንሶታል» አሉኝ፤ ጨመርን። ያው ነው። ዊንዶውሱ ፎርማት ተደረገ። ለሁለት ቀን ደህና መስሎ እንደገና ጀመረ። በሦስተኛው «ግራፊክስ ካርዱ አልቆለታል፣ ይቀየር» ተባለ። የካርድ ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ከዚያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ቁጭ ብዬ አየሁት።

ከወንድሜ ጀርባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እማዬ ጠራችው። አንገቱን ወደ እሷ ሲያዞር የሄድፎኑ ገመድ ተወጠረ። ጌሙ ያኔውኑ ቆመ። አጋጣሚ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲደርቅ ውኃ ሊጠጣ እጁን ዘርግቶ ነበር። በሦስተኛው እኔ ራሴ ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ አድርጌ ነካሁት። ደረቀ። ሲለቅ ወደ ዴስክቶፑ ወጣሁ። ከታች በቀኝ በኩል «መሣሪያ ተሰክቷል» የሚል መልእክት ተቀምጧል። ለካ ጌሙ ሙሉ ስክሪን ይዞ ከኋላው ሲሸፍነው ነው የኖረው። ማንም ምንም አልሰካም፣ ማንም አልነቀለም።

የድምፁን መስኮት ከፍቼ አየሁ። የሄድፎኑ ምልክት ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ከኬዙ ፊት ያለው የሄድፎን ቀዳዳ ላልቷል። ለዓመታት ሲሰካና ሲነቀል፣ ሲጎተት፣ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ሙከራ ቀረ። ይሄን ሙከራ ነው ለሁሉም ሰው መንገር የምፈልገው፤ አንድ ብር አያስወጣም። ዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ግቡ። የድምፅ መሣሪያዎች ከሚለው ሥር የማዘርቦርዱን (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) ኦዲዮ ዲሴብል አድርጉት፣ ማለትም ዝጉት። ከዚያ በዝምታ ተጫወቱ። ወንድሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ድምፅ ተጫወተ። አንዴም አልቆመም። ድምፁን መልሼ ሳበራው በስምንት ደቂቃ ውስጥ ደረቀ። ራሙም፣ ካርዱም፣ መብራቱም ንጹሕ ነበሩ።

ድምፅ ጌምን እንዴት ያቆማል? እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ማዘርቦርድ ላይ ያለችው የድምፅ ቺፕ ድምፁን የምታነበው ሚሞሪ ውስጥ ካለች ትንሽ ቦታ ነው፣ ያውም እየዞረች። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በየ10 ሚሊሰከንዱ አዲስ ድምፅ ይሞላላታል። በሰከንድ 48,000 ናሙና (የድምፅ ቁራጭ) ከሆነ በአንድ ዙር 480 ናሙና ማለት ነው። የሚሞላው ከዘገየ ቺፗ አትጠብቅም። ዞራ መጥታ ያንኑ አሮጌውን ድምፅ ደግማ ታነባለች። «ጎ-ጎ-ጎ» የሚለው ያ ነው። እና ድምፁ መደጋገሙ ብቻውን ጥፋተኛው ድምፅ ነው አያሰኝም፤ በሙቀት የቆመ ኮምፒውተርም እንደዚያው ይላል። በዝምታ መሞከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኛ ችግር ሌላም ንብርብር ነበረው። የፊቱ ጃክ (የሄድፎኑ ቀዳዳ) ውስጥ ገመድ መግባቱን የሚያሳብቅ ስስ ብረት አለ። ያ ብረት ሲላላ ቺፗ ለዊንዶውስ «ሄድፎን ተነቀለ፣ ሄድፎን ተሰካ» እያለች በሰከንድ ውስጥ ደጋግማ ታሳውቃለች። ዊንዶውስ በየጊዜው የድምፁን መንገድ ዘግቶ እንደገና ይከፍታል። ጌሙም ድምፁ እስኪከፈትለት ይጠብቃል፤ እሱ ሲጠብቅ ሥዕሉም ይቆማል።

ይሄ ነገር አዲስም አይደለም። ዊንዶውስ ኤክስፒ በነበረበት ዘመን ኢንተርኔት ካፌ የሠራ ሰው ያስታውሰዋል። ጌም ሲያስቸግር ዲኤክስዲያግ የሚባለው የዊንዶውስ መመርመሪያ ይከፈትና የድምፁ ገጽ ላይ ያለችው የሃርድዌር ማፍጠኛ መጎተቻ ወደ ግራ ትጎተት ነበር። ብዙ ጌም በዚያ ብቻ ይድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ ሲመጣ ማይክሮሶፍት ያንን አሠራር አስቀረው። ዛሬ ያንን መጎተቻ ብትፈልጉት የለም።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የመብራት ገመዱን ነቀልኩ፣ ማብሪያውን ተጭኜ የቀረውን ኃይል አስወጣሁ፣ እጄን የኬዙን ብረት አስነካሁ። ጎኑን ፈታሁ። ከፊቱ ጃክ የሚመጣው ገመድ የእኛ ማዘርቦርድ ላይ ታች ጥግ ላይ ነው የሚሰካው፤ አጠገቡ «ኤፍ ኦዲዮ» ተብሎ ተጽፏል። ዘጠኝ እግር አለው፣ የአሥረኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ተገልብጦ እንዳይሰካ ነው። ስልኬን በጥርሴ ይዤ እያበራሁ፣ ሶኬቱን በሁለት በኩል ይዤ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኩት። ገመዱን ግን እንዳትጎትቱ፣ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ከዚያ የወንድሜን ሄድፎን ከኋላ ሰካሁ፤ ድምፁን አረንጓዴው ላይ፣ ማይኩን ሮዙ ላይ። ገመዱ ስላጠረ ሁለት ማስረዘሚያ ገዛሁ።

የእናንተ ኬዝ የማይፈታ ከሆነ ወይም ዋስትና ካለው፣ የድምፅ ማስተካከያው ፕሮግራም ውስጥ የፊት ጃክ መለየትን አጥፋ የሚል ምርጫ ካለ እሱን ሞክሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የዩኤስቢ ሄድፎን ትልቅ ነገር ነው። የራሱ የድምፅ ቺፕ ስላለው የማዘርቦርዱን ጨርሶ ያልፈዋል። የጎረቤታችንን ልጅ ኮምፒውተር በዚህ ነው ያዳንነው፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተን የማዘርቦርዱን ኦዲዮ ዘጋነው፣ ዩኤስቢ ሰካን፣ አለቀ። የድምፅ መሣሪያ ከሌለ አልከፈትም የሚል ጌም ካጋጠማችሁም የዝምታውን ሙከራ በዩኤስቢው ማድረግ ትችላላችሁ።

ጃካችሁ ደህና ሆኖ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከድምፅ ቺፗ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) የሚያስቸግርም አለ። ድራይቨሩን ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ በሞዴሉ ቁጥር ፈልጋችሁ አውርዱ። ካልሆነ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውን ተራውን ምረጡ። የድምፅ ማሳመሪያዎቹን ሁሉ አጥፉ። ሞኒተራችሁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፅ የሚወስድ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱም የራሱን የድምፅ መሣሪያ ስለሚያመጣ፣ የማትጠቀሙበትን ዲሴብል አድርጉት። በዝምታም ከደረቀ ግን ድምፁን ተዉት፤ ወደ ሙቀቱ፣ ወደ ዲስኩ፣ ወደ ራሙ ሂዱ።

ጥገና ቤት ስትሄዱም «ስታክ ያደርጋል» ብቻ ብላችሁ አታስረክቡ። መቼ እንደሚቆም፣ ያኔ እጃችሁ ምን እየነካ እንደነበር ንገሯቸው። እኔ ያንን ሳልናገር ነው ራም የገዛሁት።

የፊቱን ቀዳዳ በነጭ ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ፣ ማንም ረስቶ እንዳይሰካበት። ባለፈው እሁድ ሁለቱ ስድስት ጨዋታ ተጫወቱ። እማዬ በሦስተኛው ላይ ሄድፎኑን ተቀብላ አደረገችው፤ ሐዋሳ ላለው ስለ ጎመኑ ዋጋ ስትነግረው ትንሹ ያለ ድምፅ ተጫወተ።